«የጊነስ እርግማን»፦ እውነት እርግማን ነው ወይስ የገንዘብ ጣጣ?

ጊነስ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ ምንድን ነው? ለብዙዎቻችን «ስሙን በጊነስ አስመዘገበ» የሚለው ዜና ነው። በቅርቡ ደግሞ ኔትፍሊክስ ላይ «ሃውስ ኦፍ ጊነስ» የተባለውን ድራማ ያያችሁ ትኖራላችሁ። የ«ፒኪ ብላይንደርስ» ደራሲ ስቲቨን ናይት የሠራው፣ በመስከረም 2025 የወጣው ማለት ነው።

መጽሐፉም ድራማውም ስማቸውን ያገኙት ከአንድ የአየርላንድ ቤተሰብ ነው። ጥቁር ቢራ ጠምቆ ከአገሪቱ ሀብታሞች ሁሉ በላይ የሆነ ቤተሰብ።

ከዚህ ቤተሰብ ጋር ሁሌም የሚነሳ አንድ ወሬ አለ፦ «የጊነስ እርግማን»። ግድያ፣ የመኪና አደጋ፣ አፈና፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ የፍርድ ቤት ቅሌት... ሁሉም በአንድ ቤት። እውነት ቤቱ ተረግሞ ነው? ከሥሩ ጀምረን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪ በ100 ፓውንድ የተጀመረ ሀብት

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ሊቀ ጳጳስ ቤት ነው። አርተር ፕራይስ የተባሉት የፕሮቴስታንት ሊቀ ጳጳስ በ1752 ሲያርፉ፣ ንብረታቸውን ያስተዳድርላቸው ለነበረው ሪቻርድ ጊነስ 100 ፓውንድ ተናዘዙለት። ለልጁ ለአርተርም እንዲሁ 100 ፓውንድ። ለዚያ ዘመን ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ወጣቱ አርተር ጊነስ በ1755 ላይክስሊፕ በተባለች ትንሽ ከተማ ቢራ መጥመቅ ጀመረ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 31 ቀን 1759፣ ደብሊን ውስጥ ሴንት ጄምስ ጌት የሚባል ሥራ ያቆመ አሮጌ የቢራ ፋብሪካ ተከራየ። ኪራዩ በዓመት 45 ፓውንድ። የውሉ ዘመን ስንት ዓመት መሰላችሁ? 9,000 ዓመት! አልተሳሳትንም፣ ዘጠኝ ሺህ።

ውሉ ዛሬ አይሠራም። ኩባንያው እያደገ ሲሄድ ቦታውን ገዝቶታል። ግን አርተር ገና ከጅምሩ ምን ያህል ሩቅ ያስብ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ወረቀት የለም።

በ1775 የደብሊን ከተማ አስተዳደር «ከተፈቀደልህ በላይ ውሃ እየወሰድክ ነው» ብሎ መስመሩን የሚዘጉ ሠራተኞች ላከበት። እንደሚተረከው ከሆነ አርተር ከአንዱ ሠራተኛ እጅ ዶማውን ነጥቆ «ሞክሩና እንተያይ» በሚል ሁኔታ መንገድ ላይ ቆመ። ጭቅጭቁ ዓመታት ፈጅቶ በ1784 በስምምነት አለቀ፤ ውሃውም አልተቋረጠም።

በ1799 ደግሞ ሌሎቹን የቢራ ዓይነቶች ትቶ ፖርተር በሚባለው ጥቁር ቢራ ላይ ብቻ ለመሥራት ወሰነ። ቤተሰቡን ያከበረው ይህ ውሳኔ ነው።

አንድ ቁጥር ግን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። አርተርና ሚስቱ ኦሊቪያ 21 ልጆች ወልደዋል። ለአካለ መጠን የደረሱት 10 ናቸው።

▪ ኑዛዜው፦ ድራማው የሚጀምርበት ቦታ

የአርተር የልጅ ልጅ ቤንጃሚን ሊ ጊነስ በግንቦት 1868 ሲሞት የአየርላንድ አንደኛ ሀብታም ነበር። የደብሊን ከንቲባ ሆኗል፤ የሴንት ፓትሪክ ካቴድራልን ከኪሱ 150,000 ፓውንድ አውጥቶ አሳድሷል። የኔትፍሊክሱ ድራማ የሚጀምረውም ከዚህ ሰውዬ ቀብር ነው።

ቤንጃሚን ሦስት ወንድ ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት። ፋብሪካውን ግን ለሁለቱ ብቻ አወረሰ፦ ለ27 ዓመቱ አርተርና ለ20 ዓመቱ ኤድዋርድ። ሌላኛው ወንድም ቤንጃሚንና እህታቸው አን ከፋብሪካው ድርሻ አልነበራቸውም። ኑዛዜው ሁለቱን ወንድማማቾች አንድ ላይ ያሰረ ነበር፤ ከሥራው ልውጣ የሚለው ብዙ የሚያጣበት ሆኖ ነው የተጻፈው።

ድራማው ላይ ያያችኋቸው ብዙ ነገሮች ፈጠራ ናቸው። ራፈርቲ የሚባለው ጉልበተኛ አለቃ በታሪክ የለም። አንዱ ቅሌት ግን እውነት ነው፦ የምርጫው ጉዳይ። አርተር በ1868 በአባቱ ወንበር የፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1869 ግን የምርጫ ወኪሉ ድምፅ በገንዘብ መግዛቱ ተረጋግጦ ፍርድ ቤት ምርጫውን ሰረዘበት። ዳኛው «አርተር ራሱ አያውቅም ነበር» ብለው እሱን ነፃ አደረጉት። ወንበሩ ግን ሄደ። በ1874 ተወዳድሮ ተመልሷል።

አርተር ቢራም ፋብሪካም ብዙ አይስበውም ነበር። በ1876 ድርሻውን ወደ 600,000 ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ለታናሽ ወንድሙ ሸጠለት። እዚህ ላይ የዋህነት ነበር ማለት ይቻላል። ለምን?

▪ 6 ሚሊዮን ፓውንድ፣ የተሰበረ ወረፋ

ኤድዋርድ ብቻውን ሲቀር ፋብሪካው በዓለም ትልቁ እስከመሆን ደረሰ። በ1886 ኩባንያውን ለንደን አክሲዮን ገበያ ላይ አወጣው። ዋጋው 6 ሚሊዮን ፓውንድ! ታላቅ ወንድሙ ግማሹን በ600,000 ከሸጠ ገና 10 ዓመቱ ነው።

አክሲዮን ለመግዛት ሕዝቡ ተጋፋ። ሽያጩን የያዘው ባሪንግ ባንክ በር ላይ ፖሊስ እስኪቆም ድረስ ትርምስ ሆነ። ለሽያጭ ከቀረበው ብዙ እጥፍ ጥያቄ መጣ። ሲከፋፈል ግን ባንኩ ለራሱና ለወዳጆቹ ዳጎስ ያለ ድርሻ ማስቀረቱ ተሰማ፤ ተራው ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ። የጊነስ ስምና የአክሲዮን ሐሜት መጀመሪያ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። መቶ ዓመት ጠብቁ፤ ተመልሶ ይመጣል።

ዋናው ለውጥ ግን ሌላ ነው። ከዚህ ቀን ጀምሮ ጊነስ የቤተሰቡ ብቻ መሆኑ ቀረ። ስሙ የእነሱ ነው፤ ባለአክሲዮኑ ግን ሌላ ሰውም ነው። ይህን ልብ በሉ፣ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው።

▪ ደግ ጌቶች ወይስ ጌቶች ብቻ?

ቅሌት ብቻ ብናወራ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ኤድዋርድ በ1890 ለለንደን 200,000፣ ለደብሊን 50,000 ፓውንድ ሰጥቶ ለድሆች መኖሪያ ቤት አሠርቷል። አርተር ደግሞ ደብሊን መሃል ያለውን ሴንት ስቲቨንስ ግሪን ፓርክ በራሱ ወጪ አሳምሮ በ1880 ለሕዝብ አስከፍቷል። ዛሬም የከተማዋ ወጣቶች ሣሩ ላይ ተቀምጠው የሚጨዋወቱበት ነው። የፋብሪካው ሠራተኛ ከሌላው የደብሊን ሠራተኛ የተሻለ ደሞዝ፣ ሐኪምና ጡረታ ነበረው።

ስታቲስቲክስ የተማራችሁ ደግሞ ይቺን ስሙ፦ ያ ፈተና ላይ ያስለቀሳችሁ «ቲ-ቴስት» የወጣው ከጊነስ ፋብሪካ ነው። ዊሊያም ጎሴት የተባለ የፋብሪካው ባለሙያ ከጥቂት ናሙና ተነስቶ የገብስና የቢራን ጥራት ለመገመት የሠራው ስሌት ነው። ኩባንያው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አወጣው።

ሌላው ገጽ ግን ይህ ነው። ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነው፤ ፖለቲካውም አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር ትቆይ የሚል ነበር። ቢራውን የሚጠጣው፣ በርሜሉን የሚያንከባልለው ሕዝብ ደግሞ በአብዛኛው ካቶሊክ ነው። እንዲያም ሆኖ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በኩባንያው የላይኛው ወንበር ላይ ካቶሊክ ማየት ብርቅ ነበር። ደግነቱም አድልዎውም ከአንድ ቤት ይወጡ ነበር።

▪ «እርግማኑ» ሲጀምር

20ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ገንዘቡ ሞልቷል፣ ፋብሪካውን ሌላ ሰው ያስተዳድራል። ልጆቹ ደግሞ ለንደን ገብተው የጋዜጣ ወሬ ሆኑ።

በ1929 ብራያን ጊነስ የዘመኑን ቆንጆ ዲያና ሚትፎርድን አገባ። ብዙም ሳይቆይ ዲያና የእንግሊዝ ፋሺስቶች መሪ ለሆነው ኦስዋልድ ሞስሊ ብላ ትታው ሄደች። በ1936 ሞስሊን በርሊን ውስጥ በናዚው ሹም በጎብልስ ቤት አገባች። ከሠርጉ ታዳሚዎች አንዱ ሂትለር ራሱ ነበር! ጦርነቱ ሲነሳ «ይቺ ሴት አደገኛ ናት» ብለው ለመንግሥት ካሳወቁባት ሰዎች አንዱ የቀድሞ አማቷ ሎርድ ሞይን፣ ማለትም ዋልተር ጊነስ ነው። በ1940 ታሰረች።

ሎርድ ሞይን ራሱ መጨረሻው አላማረም። በመካከለኛው ምሥራቅ የብሪታንያ ተጠሪ ሚኒስትር ሆኖ ሳለ፣ ኅዳር 6 ቀን 1944 ካይሮ ውስጥ ሌሂ የተባለው የአይሁድ ታጣቂ ቡድን አባላት የሆኑ ሁለት ወጣቶች በጥይት ገደሉት። ሾፌሩም ተገደለ። ብሪታንያ አይሁዶች ወደ ፍልስጤም እንዳይገቡ መገደቧን በመቃወም የተፈጸመ ግድያ ነበር። ገዳዮቹ በ1945 በስቅላት ተቀጡ።

በዚያው ዓመት የኤድዋርድ የልጅ ልጅ አርተር ኔዘርላንድስ ውስጥ በጦር ግንባር ሞተ።

በታኅሣሥ 1966 ደግሞ ታራ ብራውን፣ ከእናቱ ወገን የጊነስ ልጅ የሆነው የ21 ዓመት ወጣት፣ ለንደን ውስጥ ስፖርት መኪናውን እያበረረ ቀይ መብራት ጥሶ ከቆመ መኪና ጋር ተጋጨና ሞተ። ጓደኞቹ የዘመኑ ታላላቅ ሙዚቀኞች ነበሩ። የቢትልስ «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» የተባለው ዘፈን አንዱ መነሻ የዚህ ልጅ ሞት ዜና ነው።

1986 ደግሞ የባሰ ሆነ። የቤተሰቡ የባንክ ቅርንጫፍ ሊቀመንበር ሚስት ደብሊን አቅራቢያ ካለው ቤቷ በታጣቂዎች ታፍና ተወሰደች፤ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠየቀባት። ከስምንት ቀን በኋላ ፖሊስ አስለቀቃት። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ከእናቱ ወገን ጊነስ የሆነው የእንግሊዝ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር ፖል ቻነን ልጅ፣ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፈተና መጨረሷን በምታከብርበት ድግስ ሄሮይን ወስዳ ሕይወቷ አለፈ።

ጋዜጦቹ «የጊነስ እርግማን!» ብለው ጻፉ።

▪ እስቲ እንቁጠር

አሁን ወደዚያች ቁጥር እንመለስ። ከ10 ልጆች ተነስታችሁ ሁለት መቶ ዓመት ብትቆጥሩ ዘሩ ስንት መቶ ሰው ይሆናል? ከነዚህ ውስጥ አብዛኛው ቄስ፣ ባንከኛ፣ ገበሬ፣ ወታደር ሆኖ ኖሮ አርጅቶ ነው የሞተው። ስለ እሱ የሚጽፍ የለም። በአደጋ የሞተው ብቻ ተለቅሞ ሲደረደር «እርግማን» ይመስላል። የማንኛችንንም ሰፊ ዘመድ አዝማድ የሁለት መቶ ዓመት ሐዘን ብንደረድር ዝርዝሩ ያስፈራል።

ደግሞ እያንዳንዱ ሞት የራሱ ምክንያት አለው። ሎርድ ሞይንን የገደለው ፖለቲካ ነው። ታራን ፍጥነት ነው። ባንከኛውን ቤት ታጣቂ ያመጣበት ገንዘብ አለው መባሉ ነው። ሚስጥር የለውም። ካለ ሚስጥሩ አንድ ነው፦ ብዙ ገንዘብ ገና በልጅነት፣ ሥራው በሌለበት።

በነገራችን ላይ የቤቱን ስም በአደባባይ ያጎደፈው ትልቁ ቅሌት ከእርግማኑ ዝርዝር ውስጥ የለም። የሠራውም ጊነስ አይደለም።

▪ የ1986ቱ ቅሌት፦ እንዴት ነው የሠሩት?

በ1981 ኩባንያው እየደከመ ስለነበር ኧርነስት ሳውንደርስ የተባለ ሥራ አስኪያጅ ከውጭ ተቀጠረ። ሰውዬው ጎበዝ ነው፤ ትርፉ አደገ። በ1986 ዲስቲለርስ የተባለውን፣ ጆኒ ዎከር ውስኪን የሚሠራ፣ ከጊነስ የሚገዝፍ ኩባንያ ልግዛ ብሎ ተነሳ። አርጋይል የተባለ ሌላ ኩባንያም እየተጫረተ ነበር።

አሁን ዘዴውን ተከተሉኝ። ጊነስ ለዲስቲለርስ ባለቤቶች የሚከፍለው በአብዛኛው በራሱ አክሲዮን ነው። ስለዚህ የጊነስ አክሲዮን ዋጋ ሲወጣ ያቀረበው ዋጋም አብሮ ይወጣል። ዋጋው ከወረደ ጨረታው ተበላ። መፍትሔው ምን ሆነ? ሀብታም ወዳጆች ፈልጎ በድብቅ «የጊነስን አክሲዮን ግዙ፤ ብትከስሩ እኛ እንክሳችኋለን፤ ካሸነፍን ጉርሻ አለው» ማለት። ካሳውና ጉርሻው የሚወጣው ደግሞ ከጊነስ ካዝና ነው። ማለትም ባለአክሲዮኖቹ ሳያውቁ በራሳቸው ገንዘብ የራሳቸው አክሲዮን በውሸት እንዲወደድ ተደረገ። ሕጉ ይህን አጥብቆ ይከለክላል።

ሠራላቸው። በሚያዝያ 1986 ጊነስ በ2.7 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ አሸነፈ። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ያሉ ይመስል ነበር።

ያልጠበቁት ነገር ከአትላንቲክ ማዶ መጣ። ከተባባሪዎቹ አንዱ የኒው ዮርኩ ነጋዴ ኢቫን ቦስኪ በአሜሪካ በውስጥ አዋቂ ንግድ ተያዘና የሚያውቀውን መናገር ጀመረ። በታኅሣሥ 1986 የእንግሊዝ መንግሥት መርማሪዎች ወደ ጊነስ ቢሮ ገቡ። ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የማን ነው? የፖል ቻነን! ልጁን በዚያው ዓመት የቀበረው ሚኒስትር የቤተሰቡ አባል ስለሆነ ከጉዳዩ ራሱን አገለለ።

ሳውንደርስ በጥር 1987 ተባረረ። በ1990 እሱና ሦስት ባለሀብቶች ተፈረደባቸው። ሳውንደርስ 5 ዓመት፤ የቤትና ነዳጅ ማደያ ባለሀብቱ ጄራልድ ሮንሰን 1 ዓመት እስርና 5 ሚሊዮን ፓውንድ፤ ጃክ ላየንስ ደግሞ ገንዘብ ተቀጥቶ «ሰር» የሚለው ማዕረጉ ተገፈፈ።

የባሰው ገና ነው። ይግባኝ ላይ ሳውንደርስ የመርሳት በሽታ እንደጀመረው ሐኪሞች ተናገሩለት፤ ፍርዱ በግማሽ ተቀነሰ። ከ10 ወር እስር በኋላ ወጣ። ከዚያስ? በሽታው የት እንደገባ ሳይታወቅ በንግድ አማካሪነት ሥራውን ቀጠለ። እንግሊዞች ዛሬም ሲያነሱት ይስቃሉ፣ ግማሾቹም ይናደዳሉ።

ለሚዛን ግን ይህንንም እንበል፦ በ1996 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት፣ ሳውንደርስ ለመርማሪዎች ተገዶ የሰጠው ቃል መልሶ ለክስ ማስረጃ መደረጉ ፍትሐዊ አይደለም ብሎ ወስኗል። ሀብታምም ቢሆን ራስህን ወንጅል ተብሎ መገደድ የለበትም የሚል ትልቅ ፍርድ ነው።

ቤተሰቡ በዚህ ሁሉ ውስጥ የት ነበር? የቤቱ ራስ፣ ሦስተኛው የአይቫ ጌታ ቤንጃሚን ጊነስ፣ ለዓመታት የኩባንያው ሊቀመንበር ነበር። ሥልጣኑ ግን በሳውንደርስ እጅ ነበር፤ የቤተሰቡም የአክሲዮን ድርሻ ተመናምኗል። በጋዜጣ ላይ የጎደፈው ግን የሳውንደርስ ስም ብቻ አይደለም። ቅሌቱ እስካሁን የሚጠራው «የጊነስ ጉዳይ» ተብሎ ነው።

▪ ባንኩም አልተረፈም

ከአርተር ወንድም ዘር የመጣው ሌላው ቅርንጫፍ በ1836 ደብሊን ውስጥ ጊነስ ማሆን የተባለ ባንክ አቋቁሞ ነበር። በዚህ ባንክ ውስጥ ይሠራ የነበረ ዴስ ትሬይነር የሚባል የሒሳብ ሰው ለአየርላንድ ሀብታሞች ልዩ አገልግሎት ነበረው። ገንዘባችሁ በወረቀት ካይማን ደሴቶች ሄዷል፤ በተግባር ግን እዚሁ ደብሊን እንደልባችሁ ታወጡታላችሁ። ግብር የለም! ከተጠቃሚዎቹ አንዱ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቻርልስ ሆሂ ነበሩ። ነገሩ በ1997 ፈነዳ፤ በ2002 ፍርድ ቤት የሾማቸው መርማሪዎች የስም ዝርዝሩን ይፋ አደረጉ። ተራው ሠራተኛ በዚያ ዘመን ከፍተኛ ግብር ይከፍል ስለነበር ሕዝቡ ክፉኛ ነው የተቆጣው።

▪ ስሙ ዛሬ የማን ነው?

በ1997 ጊነስ ግራንድ ሜትሮፖሊታን ከተባለ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ዲያጂዮ ሆነ። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ አገር ይመጣል። ሰበታ ያለውን ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ2012 ከኢትዮጵያ መንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ይኸው ዲያጂዮ ነው። ለአሥር ዓመት ይዞት በ2022 ለቢጂአይ ሸጦ ወጣ። ማለትም ያን ጊዜ ሜታ የጠጣ ሰው ሳያውቀው የአርተር ጊነስ ኩባንያ ደንበኛ ነበር።

የጊነስ ሪከርድ መጽሐፍስ? በ1951 የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሂው ቢቨር አየርላንድ ውስጥ አደን ወጥቶ «በአውሮፓ ፈጣኑ የሚታደን ወፍ የቱ ነው?» በሚል ክርክር ተነሳ። መልሱን የያዘ መጽሐፍ ጠፋ። ለመጠጥ ቤት ክርክር መዳኛ ተብሎ በ1955 የመጀመሪያው እትም ወጣ። ዛሬ የአንድ የካናዳ ኩባንያ ንብረት ነው። ባንኩም ተሸጦ ስሙ ከበሩ ላይ ወርዷል።

ቤተሰቡ አልጠፋም፤ ድሃም አልሆነም። የቤቱ የአሁኑ ራስ፣ አራተኛው የአይቫ ጌታ፣ በእንግሊዝ ኤልቭደን በተባለ ቦታ ትልቅ እርሻ ያስተዳድራል። ቢራው ላይ ግን ወሳኙ እሱ አይደለም።

ወላጆቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። የጊነስ ታሪክ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ስም ከሸጥከው በኋላም ይውላል። የገዛው ሰው በስምህ ያተርፋል፤ ሲያጠፋም በስምህ ያጠፋል። አርተር ጊነስ 9,000 ዓመት ሲፈርም ስለ ውሃው፣ ስለ ቦታው፣ ስለ ኪራዩ አስቧል። ስሙን ማን እንደሚይዘው ግን ውሉ ላይ አልነበረም።

እናንተስ? ነገ የጀመራችሁት ሥራ ቢያድግና «ከነስምህ ልግዛህ» የሚል ቢመጣ፣ በስንት ትሸጣላችሁ?